በድጋሚ የተሞላ ጥይት፦ የአያት ጠመንጃ ለወረሳችሁ

በባሕር ዳር ዙሪያና በጣና ዳርቻ ባሉ ቀበሌዎች ብዙ ቤቶች ውስጥ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ አሮጌ የጦር ጠመንጃ ይገኛል። ስለነዚህ ጠመንጃዎች ሲወራ ሁልጊዜ የሚወራው ስለ ብረቱ ነው፤ የማን እንደ ነበረ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ የት እንደ ዋለ። ስለ ጥይቱ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም አላጋጠመኝም። የቀኝ ዓይኔን ብርሃን ያደበዘዘው ጠመንጃው ሳይሆን ጥይቱ ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ ተተኩሶ፣ ቀለሁ ተለቅሞ፣ በሰው እጅ እንደገና የተሞላ ጥይት። እንዲህ ያለ ጥይት በቤታችሁ ካለ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡት እለምናችኋለሁ።

አባቴ ሲያርፉ የበኩር ልጅ ስለሆንሁ ሁለቱ ጠመንጃዎች ወደ እኔ መጡ። አንደኛው ውጅግራ ነው፤ ስሙ ከነዳፊው ከፈረንሳዊው ግራ (Gras) የመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የተነደፈ፣ አንድ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ከባድ ጠመንጃ። ዓድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. አባቶቻችን ከተሰለፉባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ዓይነት ነበር። ሁለተኛው በልጅግ ነው፤ ቤልጅጎች በጀርመኑ ማውዘር ንድፍ የሠሩት፣ 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ፣ ከጣልያን ወረራ በፊት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ተገዝተው ወደ አገራችን ከገቡት ወገን ነው። አጎቴ ውጅግራውን «ሽማግሌው»፣ በልጅጉን «ጎረምሳው» ይሉ ነበር፤ ጎረምሳ የተባለውም ቢሆን ከአጎቴ በዕድሜ ይበልጣል።

የፈቃድ ነገርን እዚህ ላይ በአጭሩ ላንሣ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው። ወራሽ ነኝ ማለት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም፤ ስለዚህ የውርስ ጠመንጃ እጃችሁ ሲገባ ከሁሉ አስቀድማችሁ ጉዳዩን ለሚመለከተው የፖሊስ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ጠመንጃ ለመያዝ የተሰጠ ፈቃድ ጥይት ለመሥራትና ለመሙላት የተሰጠ ፈቃድ እንዳልሆነም አብራችሁ ያዙልኝ፤ እኛ ቤት ይህን ለይቶ ያየው ሰው አልነበረም።

ችግሩ የተጀመረው ከጥይት እጥረት ነው። የበልጅግ ጥይት በፋብሪካ ታሽጎ የመጣው አልቆ፣ በአባቴ ዝናር ላይ ቀርተው የነበሩት ጥቂቶቹም አርጅተው ነበር። በአካባቢያችን ደግሞ ቀለህ እየለቀመ የሚሞላ ባለእጅ አይጠፋም፤ ሰውየው እጁ የተባረከ፣ የተሰበረ ሰደፍ የሚገጥም፣ የላላ ምላጭ የሚያስተካክል፣ በሁሉም ዘንድ የተከበረ ሰው ነው። አጎቴ ባዶ ቀለሆችን ሰብስበው ወሰዱለትና ሞልቶ መለሰላቸው። ጥይቶቹ ተወልውለው ሲያዩአቸው ከፋብሪካ የወጡ ይመስሉ ነበር። የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው፤ በድጋሚ የተሞላ ጥይት ጉድለቱ ሁሉ ከውስጥ ስለሆነ ከውጭ ማማሩ ምንም አይነግራችሁም።

የአባቴ ተዝካር በወጣ ማግስት አጎቴና የአጎቴ ልጆች ጥይቶቹን ለመሞከር ከከተማው ወጣ ብለን ገደል ወዳለበት ሜዳ ሄድን። የመጀመሪያዎቹ ደህና ተኮሱ። ከዚያ አንዱ ከሸፈ፤ ምላጩ ተሳበ፣ መርፌው ሲመታ ተሰማ፣ ተኩስ ግን የለም። የአጎቴ ልጅ ወዲያው መዝጊያውን ሊከፍት እጁን ሲሰድድ፣ ድሮ በጦር ሠራዊት ያገለገሉ አንድ ጎረቤታችን «ተው ልጄ! እንደ ያዝኸው ቆይ!» ብለው ጮሁበት። አፈሙዙ ወደ ገደሉ እንደ ዞረ ቆየ፤ ጥቂት ቆይቶም ጥይቱ በራሱ ጊዜ ፈነዳ። መዝጊያው ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ቀለሁ የሚፈነዳው በልጁ ፊት ላይ ነበር። የከሸፈ ጥይት ሲያጋጥማችሁ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ እንዳዞራችሁ፣ ጣታችሁን ከምላጩ አንሥታችሁ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ጠብቁ፤ መዝጊያውን ስትከፍቱም ፊታችሁን ከጀርባው አታድርጉ።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ከዚህም የረቀቀ ነው። አንዱ ጥይት ሲተኮስ ድምፁ እንደ ሌሎቹ አልነበረም፤ ፍስስ ብሎ ብቻ ቀረ፤ ትከሻም አልመታም። የቆሙት ሳቁ። እኒያው ጎረቤታችን ግን አልሳቁም፤ ጠመንጃውን ተቀብለው መዝጊያውን አወጡና አፈሙዙን ወደ ብርሃን አድርገው ከኋላ ቢያዩት ብርሃን አያሳይም። ባሩዱ ስላነሰ ወይም ስለረጠበ እርሳሱ አፈሙዙ መካከል ተወትፎ ቀርቷል። በዚያ ላይ ሌላ ጥይት ቢተኮስ ኖሮ አፈሙዙ ተሰንጥቆ የያዘውን እጅ ይዞት ይሄድ ነበር። ድምፁ ያነሰ፣ ጭሱ የበዛ ወይም ምቱ የላላ ተኩስ ሲገጥማችሁ ሌላ ነገር ከማድረጋችሁ በፊት አቁሙ፣ ጠመንጃውን ባዶ አድርጉ፣ የአፈሙዙን ውስጥ እዩ። ጠመንጃን የሚሰነጥቀው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ተኩስ ነው።

ያን ዕለት ሁላችንም ወደ ቤት ብንመለስ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የተወተፈው እርሳስ በዘንግ ተገፍቶ ወጣ፤ አጎቴም «ክፉው አልፏል፣ የቀሩት ደህና ናቸው» አሉ። ታላቅን እንቢ ማለት በእኛ ዘንድ ከባድ ነው፤ የሟች አባት ወንድም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ተራው የእኔ ነበርና ጠመንጃውን ተቀበልሁ፣ አቀባበልሁ፣ ተኮስሁ። የማስታውሰው ከወትሮው የተለየ ስለታም ድምፅ፣ የጋለ አየር በፊቴ ላይ ሲያልፍና ቀኝ ዓይኔ ውስጥ የገባ እሾህ የሚመስል ሕመም ነው። ቀለሁ ከግርጌው አጠገብ ተቀዶ፣ የታመቀው ጋዝ ወደ ኋላ መጥቶ፣ ከናሱ የተፈነጠረ ስባሪ ዓይኔ ላይ አርፏል።

ስለ ዓይን የምለው ይኸውና። በዙሪያዬ የነበሩት ሁሉ ሊረዱኝ ፈልገው አንዱ በውሃ ልጠብህ፣ አንዱ በነጠላዬ ጫፍ ላውጣልህ፣ አንዱ ጫን አድርገህ ያዘው ይለኝ ነበር። ሦስቱም ስሕተት ነው። ስባሪ የገባበት ዓይን አይታሽም፣ አይጫንም፣ የተሰካውን ነገር ማንም ከሜዳ ላይ አያወጣውም። ዓይኑን ሳይነካ ከላይ የሚሸፍን ነገር፣ የፕላስቲክ ኩባያ ግርጌም ቢሆን፣ በዙሪያው በጨርቅ አስሮ በቀጥታ የዓይን ሐኪም ወዳለበት መሄድ ነው። እናቴ ጠበል ልውሰድህ ብላ አልቅሳለች፤ እኔም በጠበል አምናለሁ፤ ሆኖም መጀመሪያ ወደ ሐኪም፣ ከዚያ ወደ ጠበል ብዬ ለመንኋት፤ እሷም ተቀበለችኝ። ስባሪው ወጥቶልኛል፤ ጠባሳው ግን በብሌኑ ላይ ቀርቶ በዚያ ዓይን የማየው እንደ ማለዳ ጉም ያለ ነው። ሐኪሙ ዘግይተህ ቢሆን ኖሮ ቁስሉ መርቅዞ ዓይንህ ይጠፋ ነበር ብሎኛል።

ከተሻለኝ በኋላ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ሳላውቅ መቀመጥ አልቻልሁም። ዕድሜውን ሙሉ በጦር መሣሪያ ጥገና ያሳለፈ አንድ ጡረተኛ ባለሙያ በዝምድና አገኘሁና የተቀደደውን ቀለህና ጠመንጃውን ይዤለት ሄድሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ከእርሱ የተማርሁት ነው።

በመጀመሪያ የነገረኝ ጠመንጃው ሕይወቴን እንዳተረፈ ነው። የማውዘር መዝጊያ ጋዝ ወደ ኋላ ቢያመልጥ ወደ ጎን የሚወጣበት ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ከመዝጊያው ጀርባም ጋዙን ከተኳሹ ፊት የሚመልስ ከንፈር ተሠርቶለታል። በፊቴ ላይ ያለፈው ትርፍራፊው ብቻ ነበር። ያው ጥይት በውጅግራው ዓይነት ንድፍ ውስጥ ቢፈነዳ ይህ ሁሉ መከላከያ የለም፤ የውጅግራ መዝጊያ የሚቆለፈው በእጀታው ሥር ብቻ ነውና።

ቀጥሎ የተቀደደውን ቀለህ በመጋዝ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ አሳየኝ። ናስ ሲተኮስ ይለጠጣል፤ ተለጥጦም የጥይት መጉረሻውን ግድግዳ አጥብቆ በመያዝ ጋዙን ያግዳል፤ ከዚያ መለስ ይላል። ጠመንጃው ያረጀና መዝጊያው የላላ ሲሆን ግን በእያንዳንዱ ተኩስ ከግርጌው ከፍ ብሎ ያለው ክፍል እየተሳበ ይሳሳል። ከውጭ የሚታየው ቀለሁን የሚዞር አንድ ብሩህ መስመር ነው፤ ከውስጥ ግን በዚያው መስመር ላይ ቦይ ተቆፍሯል። የእኔ ቀለህ በዚያ መስመር ላይ ወረቀት አክሎ ነበር። ስንት ጊዜ እንደ ተተኮሰና እንደ ተሞላ የሚያውቅ አልነበረም፤ ከየት እንደ ተለቀመም እንዲሁ።

ባሩዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ባለእጁ የሞላው ከክላሽ ጥይት ያወጣውን ባሩድ ነው። ሰው ባሩድ ሁሉ ባሩድ ነው ብሎ ያስባል፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ነገር ግን ለትንሽ ቀለህና ለቀላል እርሳስ የተሠራ ባሩድ ፈጥኖ ይነድዳል፤ ለትልቅ ቀለህና ለከባድ እርሳስ የተሠራው ዝግ ብሎ ይነድዳል። የክላሽ እርሳስ 8 ግራም ገደማ ሲመዝን የማውዘር ከባዱ እርሳስ 12.8 ግራም ይመዝናል። ፈጣኑን ባሩድ ከከባዱ እርሳስ ጀርባ ስታስቀምጡት እርሳሱ ገና ብዙም ሳይንቀሳቀስ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ፋብሪካዎች እያንዳንዱን የባሩድ ዓይነት በግፊት መለኪያ ፈትነው መጠኑን የሚወስኑት ለዚህ ነው፤ በማንኪያና በዓይን ግምት የሚሆን ሥራ አይደለም። በሌላ አገር ጥይት በቤታቸው መሙላት የተፈቀደላቸው ሰዎች እንኳ ዓይነቱ በስም የታወቀ ባሩድ፣ የታተመ የመጠን ሰንጠረዥና ከግራም መቶኛውን የሚለይ ሚዛን ሳይኖራቸው አይጀምሩም። ከሌላ ጥይት የተገለበጠ ባሩድ ስሙም መጠኑም አይታወቅም።

ጥይቱ ለምን እንደ ከሸፈና እንደ ዘገየም ጠየቅሁት። ከቀለሁ ግርጌ መርፌው የሚመታት ትንሽ ቆብ አለች፤ እሳቱ የሚነሣው ከእርሷ ነው። በብዙዎቹ አሮጌ የጦር ቀለሆች ቆቧ የምትመታበት ጉብታ ከራሱ ከቀለሁ ናስ የተሠራ ሲሆን፣ በግራና በቀኙ እሳቱ የሚያልፍባቸው ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። የተመታችውን ቆብ ፈልቅቆ አቅንቶ እንደገና የሚሞላ ሰው ያን ጉብታ ይደፈጥጠዋል፣ ቀዳዳዎቹንም ይደፍናቸዋል ወይም ያሰፋቸዋል። ስለዚህ አንዱ ይከሽፋል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ደህና ይተኩሳል፤ የትኛው ምን እንደሚያደርግ ባለእጁም አያውቅም።

ፋብሪካ የሠራው ጥይትም ቢሆን ከጠመንጃው ጋር ካልተስማማ አደጋ ነው። በእኛ አካባቢ 7.62 የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። የክላሽ፣ የኔቶ፣ የሩሲያው ሞሲንና የአሜሪካው ኤም ዋን ጋራንድ ጥይቶች ሁሉም 7.62 ይባላሉ፤ ቀለሃቸው ግን እንደ ቅደም ተከተላቸው 39፣ 51፣ 54 እና 63 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ የአፈሙዙን የውስጥ ስፋት እንጂ የጥይቱን ማንነት አይናገርም። አጭር ጥይት ረጅም መጉረሻ ውስጥ ሊገባና ሊተኮስም ይችላል፤ ቀለሁ ግን የሚደገፍበት ግድግዳ ስለማያገኝ ይቀደዳል። ማውዘር ይዘው የሚመጡ ሰዎች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባቸው፤ እ.ኤ.አ. የ1888ቱ የጀርመን ጠመንጃ እርሳስ 8.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከ1905 በኋላ የመጣው ግን 8.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀለሃቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ወፍራሙ በጠባቡ አፈሙዝ ይጎርሳል። «ገባ እኮ» ማለት ማስረጃ አይሆንም። በጠመንጃው ላይ የተቀረጸውንና በቀለሁ ግርጌ የተጻፈውን አስተያይቶ የሚያነብ ባለሙያ ሳታገኙ አትተኩሱ።

ውጅግራውን በተመለከተ ምክሩ አጭር ነበር፤ አትተኩሰው። ጭስ የሌለው ባሩድ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው፤ ውጅግራ ከዚያ 10 ዓመት ቀድሞ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው። የዘመኑን ባሩድ በዚያ ብረት ውስጥ ማንደድ ብረቱ ያልተሠራበትን ግፊት መጫን ነው።

የአባቴ አሮጌ የፋብሪካ ጥይቶችስ አልሁት። ወስዶ አንድ በአንድ አያቸው። ዝናሩ ለብዙ ዓመታት የተሰቀለው ከምድጃው በላይ ካለው ምሰሶ ላይ ነበር፤ ጭስ ከነቀዝና ከእርጥበት ይጠብቃል ተብሎ። ለሰደፉ እንጨት ደህና ሊሆን ይችላል፤ ባሩድን ግን ሙቀት ያበላሸዋል። የተበላሸ ባሩድ የራሱን አሲድ ያወጣል፤ ናሱን ከውስጥ ይበላዋል፣ በቀለሁ አንገት ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት ይታያል፣ ተከፍቶ ሲሸተት አፍንጫ የሚቆነጥጥ የኮመጠጠ ሽታ አለው። አረንጓዴ ያወጣ፣ አንገቱ የተሰነጠቀ፣ እርሳሱ በጣት ሲነካ የሚዞር ጥይት ካያችሁ ለይታችሁ አስቀምጡት እንጂ አትፈትሹት፣ አትክፈቱትም።

ስለ ጽዳት ከተማርሁት አንዱን ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል፤ በጣና ዳር ለምንኖር በተለይ ይጠቅማል። የአሮጌ የጦር ጥይቶች ቆብ ውስጥ ያለው ኬሚካል ከተቃጠለ በኋላ አፈሙዝ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ያ ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምታችን እንዲህ የተተኮሰ ጠመንጃ ሳይጸዳ ካደረ በማግሥቱ ውስጡ ዝጎ ይገኛል። አባቶቻችን ሞራ ወይም ዘይት ይቀቡት ነበር፤ ዘይት ግን ጨውን አያሟሟም፣ ከላይ ይሸፍነዋል እንጂ። ጨውን የሚያወጣው ውሃ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠና መዝጊያው ከወጣ በኋላ ከኋላ ወደ ፊት የፈላ ውሃ ማፍሰስ፣ በጨርቅ አድርቆ መወልወል፣ ከዚያ በስሱ ዘይት መቀባት፣ በማግሥቱም ደግሞ ማየት ነው። የመዝጊያውን ፊትም እንዲሁ። ወልውላችሁ ስትጨርሱ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ሣጥን ውስጥ አትክተቱት፤ ላስቲኩ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀርበታል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ቤተ ዘመዱን ማሳመን ነበር። በእኛ አገር ለትልቅ ሰው ለቅሶ ሳይተኮስ መቅበር እንደ ንፉግነት ይቆጠራል፤ ሠርግም እንዲሁ። አጎቴን ለማሳመን ክርክር አልጠቀመኝም፤ የጠቀመኝ የተሰነጠቀውን ቀለህ በእጃቸው ማስያዜ ነው። በጥፍራቸው ቦዩን ዳሰሱት፣ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ ከዚያ «ይህን ነበር የሰጠሁህ?» ብለው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ በዘመድ ለቅሶ በልጅጉ ባዶውን ይወጣል፤ ፉከራውና ሽለላው እንዳለ ነው፤ ተኩሱ ብቻ ቀርቷል። እንቢ የሚል ታላቅ ያለባችሁ ከቻላችሁ እንደዚሁ አድርጉ፤ በቃል ከመሟገት በእጅ ማስያዝ ይሻላል። በተረፈ ወደ ሰማይ የተተኮሰ እርሳስ ተመልሶ የሚወርደው የሰው ጣሪያ ላይ ነውና፣ ጥይቱ የፋብሪካ ቢሆንም እንኳ ይህ ልማድ ቢቀር እመርጣለሁ።

የቀሩትን በድጋሚ የተሞሉ ጥይቶችና ያረጁትን ምን እናድርጋቸው የሚለው ጥያቄ ቤተሰቡን ለሁለት ከፍሎት ነበር። አንዱ ይቀበሩ አለ፤ የተቀበረን በበጋ የሚያርስ ገበሬ ወይም የሚጫወት ልጅ ያወጣዋል። አንዱ እሳት ላይ ይጣሉ አለ፤ ይህን ማሰብም አይገባም። አንዱ በታንኳ ወስደን ጣና ላይ እንጣላቸው አለ፤ ያም ከዓሣ አጥማጁ መረብ ጋር ተመልሶ ይወጣል። በመጨረሻ ያደረግነው ጥይቶቹን ከቤት ሳናንቀሳቅስ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቀዝቃዛ ቦታ ለብቻቸው አስቀምጠን፣ በአካል ሄደን ለፖሊስ ማሳወቅ ነው። ጥይት በኪስ ወይም በቦርሳ ይዞ መሄድ መንገድ ላይ ሌላ ጣጣ ያመጣልና፣ መጀመሪያ ተናገሩ፣ እንዴት እንደሚረከቧችሁም እነርሱ ይንገሯችሁ። እኛም የፈቃዱን ወረቀት ይዘን ስለቀረብን ተረክበውናል፤ የተረከቡበትንም ወረቀት ከጠመንጃው ፈቃድ ጋር አንድ ላይ አስቀምጨዋለሁ።